የጠፋውንም ጨምሮ ማየት፦ ስለ «ዶክተር ሁ» ሙሉ ዳግም እይታ

አንድን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዳግም ማየት ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው ተመልካቹ የወደደውን ክፍል መርጦ፣ ትዝታውን ለማደስ ያህል አልፎ አልፎ የሚመለስበት ልማድ ሲሆን፣ ይህ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። ሁለተኛው ግን ድራማውን ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ እስከ መጨረሻው፣ የተወደደውንም ያልተወደደውንም ሳይዘሉ፣ በቀረበበት ቅደም ተከተል የማየት ሥራ ነው፤ በዚህ ንግግር «ሙሉ ዳግም እይታ» የሚባለውም ይኸው ሁለተኛው ነው። እንዲህ ያለው እይታ ዕቅድ የሚያስፈልገው ድራማው ረጅም ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የቆየ የቴሌቪዥን ድራማ የተሠራው በአንድ ምሽት ታይቶ እንዲያልፍ እንጂ ከስልሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር እንዲያየው ስላልነበረ፣ ዛሬ በዚህ መንገድ ሊያየው የሚነሣ ሰው ድራማው እንዴት እንደ ተቀረጸ፣ በምን ያህል የጊዜ ልዩነት እንደ ቀረበ፣ ከቀረበም በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ካላወቀ በየደረጃው መሰናከሉ አይቀርም።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ከ1963 እስከ 1989 በእንግሊዝ አገር በቢቢሲ የቀረበው «ዶክተር ሁ» የተባለው ድራማ ነው፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ድራማው «ዶክተሩ» ከመባል በቀር እውነተኛ ስሙ የማይታወቅ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ፣ «ታርዲስ» በምትባል መሣሪያ ከዘመን ወደ ዘመን፣ ከዓለም ወደ ዓለም ሲጓዝ የሚያሳይ ሲሆን፣ መሣሪያዋ ከውጭ ስትታይ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መንገዶች ዳር ይቆም የነበረውን ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ግን ከውጭዋ ይሰፋል። ሐሳቡን ካፈለቁት ዋነኛው በቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ የነበረው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ነው። የመጀመሪያዋ ፕሮዲዩሰር ቬሪቲ ላምበርት በዚያን ጊዜ ገና 27 ዓመቷ የነበረች ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው ዳይሬክተር ዋሪስ ሁሴንም በሕንድ አገር የተወለደ ወጣት ነበር። የተፈለገው በቅዳሜ ምሽት ልጅና ወላጅ አብረው የሚቀመጡበት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪክን፣ ሌላ ጊዜ ወደ ፊት ሄዶ ሳይንስን የሚያስተምር ድራማ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የቀረበው ቅዳሜ ኅዳር 23 ቀን 1963 ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የተገደሉት በዋዜማው ስለ ነበር የብዙ ሰው ልብና ጆሮ በዚያ ዜና ተይዞ ዋለ፤ በዚህም ምክንያት ቢቢሲ በሳምንቱ ቅዳሜ ከሁለተኛው ክፍል በፊት የመጀመሪያውን ደግሞ አቀረበው። እንግዲህ የዚህ ድራማ የመጀመሪያው ዳግም እይታ የተደረገው ድራማው በተጀመረ በሰባተኛው ቀን ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በነበሩት ዓመታት ያለፈ ክፍል ተመልሶ መታየቱ እጅግ ብርቅ ሆነ።

ወደ ዕቅዱ ከመግባት በፊት ሦስት ቃላትን መለየት ይገባል። «ክፍል» የሚባለው በአንድ ምሽት የሚቀርበው ሲሆን፣ በዚህ ድራማ አብዛኛውን ጊዜ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ «ታሪክ» የሚባለው አንድን ጉዳይ ጀምሮ የሚጨርስ፣ ብዙ ጊዜ አራት ወይም ስድስት ክፍሎች ያሉት ስብስብ ነው፤ «ምዕራፍ» ደግሞ በአንድ የሥርጭት ወቅት ተከታትለው የቀረቡ ታሪኮች በአንድነት የሚጠሩበት ነው። የቆየው «ዶክተር ሁ» 26 ምዕራፎች፣ ከ150 በላይ ታሪኮችና ወደ 700 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት። ይህ በሰዓት ሲሰላ ወደ 300 ሰዓት ይደርሳል። በቀን አምስት ክፍል የሚያይ ሰው ከአምስት ወር በታች ይጨርሰዋል፤ በቀን አንድ ክፍል የሚያይ ሰው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ይጨርሳል፤ እንደ ጥንቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ክፍል ብቻ ልይ የሚል ሰው ደግሞ ከ13 ዓመት በላይ መታገሥ አለበት። የዕቅዱ የመጀመሪያ ውሳኔ እንግዲህ ፍጥነት ነው፤ የዘመኑ ተመልካች ከሁሉ በላይ የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ በሚተው ትዕይንት እንዲያበቃ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ይህ አጻጻፍ ለጌጥ የገባ ሳይሆን የድራማው አጥንት ነው፤ ጸሐፊው የሚሠራው በሁለት ክፍሎች መካከል ባለው ሳምንት ውስጥ ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ምን ሊባባሉ እንደሚችሉ እያሰበ ነበርና። ለምሳሌ በሁለተኛው ታሪክ መጀመሪያ ክፍል መጨረሻ ላይ ባርባራ የተባለችው የታሪክ መምህርት ባልታወቀ ከተማ መተላለፊያ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ግድግዳውን ተደግፋ ስትጮኽ ይታያል፤ ወደ እርሷ የሚመጣው ፍጡር ግን ከአንድ የተዘረጋ የብረት ክንድ በቀር አይታይም። ያ ክፍል የቀረበው ታኅሣሥ 21 ቀን 1963 ሲሆን፣ ተመልካቹ የፍጡሩን ሙሉ አካል ያየው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። ፍጡሩ በደራሲው ቴሪ ኔሽን የታሰበው፣ መልኩም በንድፍ ባለሙያው ሬይመንድ ኩሲክ የተቀረጸው ዳሌክ ነው፤ የድራማውን ዕድሜ ያረዘመውም እርሱ ነው። ዛሬ ሁለቱን ክፍሎች አከታትሎ የሚያይ ሰው ጩኸቱንና መልሱን በአንድ ደቂቃ ልዩነት ያገኛቸዋል። ምንም አላጣም ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ያጣው ግን ታሪኩ የተሠራበትን ሰባት ቀን ነው።

በተከታታይ ማየት ሌላም ጉዳት አለው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች፣ ማለትም ከ1963 መጨረሻ እስከ 1969 አጋማሽ፣ 253 ክፍሎች ተሠርተዋል፤ ይህም በዓመት ከአርባ በላይ ማለት ነው። ተዋንያኑ በሳምንቱ ቀናት ልምምድ አድርገው በአንድ ምሽት፣ ልክ እንደ መድረክ ቴአትር ሳያቋርጡ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይቀርጹ ነበር፤ የቪዲዮ ቴፕን ቆርጦ ማስተካከል ውድ ስለ ነበር ቃል ሲሳሳቱ ስሕተቱ እንዳለ ይቀር ነበር። ከሥራው ብዛት የተነሣም ተዋንያኑ ዕረፍት የሚወጡት ቀረጻው ሳይቆም ነው፤ «የማሪነስ ቁልፎች» በተባለው የ1964 ታሪክ ውስጥ ዶክተሩን የሚጫወተው ዊልያም ሃርትኔል በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል ጨርሶ አይታይም። በየሳምንቱ ለሚያይ ሰው ይህ እምብዛም አይሰማም፤ ስድስቱን በአንድ መቀመጫ ለሚያይ ሰው ግን ድራማው የተሰፋበት ክር ሁሉ ይታየዋል፤ በየክፍሉ መጀመሪያ የሚደገመው ያለፈው መጨረሻም ያሰለቸዋል። ስለዚህ ሚዛናዊ የሚመስለው ፍርድ በቀን ከአንድ ክፍል አለማለፍ፣ በምዕራፍና በምዕራፍ መካከልም አንድ ሳምንት ማረፍ ነው። በዚህ መንገድ ሥራው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ይወስዳል። ጊዜው ረጅም ቢመስልም፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ሌሊት መኖሩ ብቻ ድራማውን ወደ ተሠራበት መጠን ይመልሰዋል።

ከፍጥነቱ ይልቅ ዕቅድ አውጪውን የሚፈትነው ግን የጠፋው ነገር ነው። በቀን አንድ ክፍል እያየ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ታሪኮች፣ አራት፣ ሰባትና ሁለት ክፍሎች ያሏቸውን፣ በ13 ቀን ይጨርሳል፤ በ14ኛው ቀን የሚያየው ምስል የለም። አራተኛው ታሪክ «ማርኮ ፖሎ» ሰባት ክፍሎች የነበሩት ሲሆን ከሰባቱ የአንዱም ተንቀሳቃሽ ምስል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህ የሆነበትን ምክንያት በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ድራማው የሚቀረጸው ሁለት ኢንች ስፋት ባለው የቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። ቴፑ ውድ ነው፤ እንደ ካሴት ተደምስሶ እንደገና ሊቀረጽበት ይችላል፤ ከተዋንያንና ከደራስያን ጋር የተደረጉት ውሎችም አንድ ክፍል ስንት ጊዜ ሊደገም እንደሚችል ይወስኑ ስለ ነበር፣ የመደገሙ መብት ያለፈበት ቴፕ በመጋዘን ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ለውጭ አገር የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል 16 ሚሊሜትር በሆነ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ በማንሣት የሚዘጋጅ ቅጂ ነበር። ቀለም ያለው ቴሌቪዥን ሲመጣ ጥቁርና ነጩ ድራማ ገዢ አጣ፤ ስለዚህ ቴፖቹ ተደመሰሱ፣ የፊልም ቅጂዎቹም ተቃጠሉ ወይም ተጣሉ። ጥፋቱ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1978 ድረስ ዘለቀ። ማንም ሰው በክፋት ያደረገው ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ የመሥሪያ ቤቱ ክፍል የራሱን ሥራ በአግባቡ ሲሠራ፣ ቴፑን የሚደመስሰው ፊልሙ አለ ብሎ፣ ፊልሙን የሚጥለው ደግሞ ቴፑ አለ ብሎ ያስብ ነበር። የአንድን ሕዝብ የምስል ትዝታ ለማጥፋት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

ከ1978 በኋላ ፍለጋው ተጀመረ፤ የተገኙትም ብዙውን ጊዜ ማንም ካላሰበበት ቦታ ነው። በ1983 በለንደን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ወጡ። በ1984 ከቆጵሮስና ከናይጄሪያ ሌሎች ተመለሱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «የሳይበርሜን መቃብር» የተባለው ታሪክ አራቱም ክፍሎች ከሆንግ ኮንግ መጡ። በ2013 ደግሞ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው ፈላጊ በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ያገኛቸው ዘጠኝ ክፍሎች ይፋ ሆኑ፤ በዚያን ጊዜም የጎደሉት ቁጥር ከ106 ወደ 97 ዝቅ አለ። ሁሉም የጎደሉት ከ1960ዎቹ 253 ክፍሎች ውስጥ ናቸው። ጉዳቱ እኩል አልተከፋፈለም፤ ለምሳሌ በአራተኛው ምዕራፍ ካሉት ዘጠኝ ታሪኮች አንድ እንኳ ሙሉ ሆኖ የተረፈ የለም።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ዕቅድ ይፈርሳል። የጎደለውን ዘሎ ወደ ተረፈው መሄድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። በ1966 ሃርትኔል ጤናው ስለ ደከመ ሲሰናበት፣ አዘጋጆቹ ዶክተሩ ሲደክም አካሉ ታድሶ ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ወሰኑ፤ ይህ «መታደስ» የሚባለው ሐሳብ ድራማውን በሰባት ተዋንያን እስከ 1989 አድርሶታል። መታደሱ የሚታየው ግን «አሥረኛዋ ፕላኔት» በተባለው ታሪክ አራተኛ ክፍል ሲሆን፣ ያ ክፍል ጠፍቷል። አዲሱ ተዋናይ ፓትሪክ ትራውተን ሰዎች ዶክተር መሆኑን እንዲያምኑት የሚታገልበት ቀጣዩ ታሪክ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ስድስቱም ጠፍተዋል። የለውጡ ቅጽበት ራሱ የተረፈው የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም በ1973 ለራሱ ዝግጅት ቆርጦ ስለ ተጠቀመበት ብቻ ነው። የጎደለውን የሚዘል ሰው እንግዲህ የድራማውን ዋና መታጠፊያ ዘሎ፣ ድንገት በሌላ ፊት ፊት ይቆማል።

የተረፈው ነገር ግን ከሚታሰበው በላይ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ከጎደሉት ክፍሎች የሁሉም ድምፅ አለ፤ በዚያን ጊዜ በየቤታቸው የነበሩ ወጣት ተመልካቾች ማይክሮፎን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ፊት አስቀምጠው፣ ወይም ሽቦ በቀጥታ አገናኝተው በሪል ቴፕ ቀድተውታል። ቢቢሲ የጣለውን የጠበቁት ልጆች ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ጆን ኩራ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ተዋንያንና ዳይሬክተሮች ለሥራቸው ማስታወሻ እንዲሆናቸው፣ ድራማው በሚተላለፍበት ጊዜ ከስክሪን ላይ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ለአንድ ክፍል በአሥሮች የሚቆጠሩ ፎቶዎች ስላሉ ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል ለመከተል ያስችላሉ። በሦስተኛ ደረጃ የአውስትራሊያ የሳንሱር ሠራተኞች ለልጆች ያስፈራሉ ብለው ከፊልሞቹ ላይ የቆረጧቸው ጥቂት ሰከንዶች በዚያው አገር ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠው በ1996 ተገኝተዋል፤ ሳንሱሩ የፈራቸው አስፈሪ ትዕይንቶች ብቻ ተርፈው የቀረው ሁሉ የጠፋባቸው ታሪኮች አሉ። ከእነዚህም በተጨማሪ ከ2006 ጀምሮ የአንዳንዶቹ ጎዶሎ ክፍሎች ድምፅ ላይ አኒሜሽን፣ ማለትም በሥዕል የተሠራ ተንቀሳቃሽ ምስል፣ እየተጨመረ ለገበያ ቀርቧል፤ የታሪኮቹን ይዘት በልብ ወለድ መልክ የያዙ መጻሕፍትም አሉ።

ከእነዚህ የትኛው ይመረጥ? ለዓይን የሚቀለው አኒሜሽኑ ነው፤ ብዙ ተመልካችም ወደ እርሱ ያዘነብላል። ሆኖም አኒሜሽኑ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጡ ሠዓሊዎች «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ያቀረቡት ነው። ድምፁና ፎቶው ግን የዚያው ምሽት ናቸው። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚደገፈው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ድምፁን ከፎቶዎቹ ጋር መከታተል፣ አኒሜሽን ካለም በሌላ ቀን እንደ ትርጓሜ ማየት ነው።

«ማርኮ ፖሎ» ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዶክተሩ፣ የልጅ ልጁ ሱዛን፣ ባርባራና የሳይንስ መምህሩ ኢየን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሚር ተራሮች በረዶ ላይ ታርዲስ ተበላሽታባቸው ከቬኒሱ ነጋዴ ጋር ይገናኛሉ፤ እርሱም አገሩ ለመመለስ ፈቃድ እንዲያገኝበት ታርዲስን ለኩብላይ ካን ሊሰጥ ወስኖ ይዟቸው በጎቢ በረሃ በኩል ወደ ቻይና ይጓዛል። በበረሃው ውኃ አልቆባቸው ሊሞቱ ሲቃረቡ የሚያድናቸው በሌሊቱ ቅዝቃዜ በታርዲስ ግድግዳ ላይ የተቋጠረው ጤዛ ነው፤ ኒውማን የፈለገው የሳይንስ ትምህርት በታሪክ ትምህርት መካከል እንዲህ ገብቷል። በመጨረሻም ዶክተሩና ኩብላይ ካን፣ ሁለት በእርጅና የጎበጡ ሽማግሌዎች፣ ባክጋሞን በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ታርዲስን አስይዘው ይጫወታሉ፤ ዶክተሩም ይሸነፋል። ይህ ሁሉ በድምፅ ብቻ ሲሰማ የነጋዴው የጉዞ ማስታወሻ በራሱ አንደበት እየተነበበ ታሪኩን ስለሚያራምደው፣ ሰሚው እንደ ራዲዮ ድራማ በቀላሉ ይከተለዋል። ከሰባቱ ክፍሎች የስድስቱ የስክሪን ፎቶዎች ስለ ተገኙም የዋሪስ ሁሴን አቀራረብ፣ የልብሱ ጥልፍና የድንኳኖቹ ድርድር ይታያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሰባት ምሽት የሚከታተል ሰው አንድ ጠቃሚ ነገር ይማራል፤ የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ዋና መሣሪያ ንግግር መሆኑን በጆሮው ያረጋግጣል።

ከ1970 በኋላ መንገዱ ይቀልላል። ድራማው ባለ ቀለም ሆነ፤ ከጆን ፐርትዊ ጀምሮ እስከ 1989 ድረስ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ምስላቸው አለ። ሆኖም ከፐርትዊ ዘመን አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ የተረፉት በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ነበር። እነዚህን ወደ ቀለማቸው የመለሰው ዘዴ ሊነገር ይገባዋል፦ የቀለሙ ምልክት በቴሌቪዥኑ ሞገድ ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚጓዝ፣ ጥቁርና ነጩን ስክሪን ያነሣው የፊልም ካሜራ ሳያስበው ያንን ምልክት እንደ ጥቃቅን ነጠብጣብ አድርጎ በምስሉ ላይ አስቀርቶታል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባለሙያዎች ነጠብጣቡን በኮምፒውተር አንብበው ቀለሙ የት ምን እንደ ነበር አወቁ። በ2013 ዳግም ለገበያ የወጣው «የክፋት አእምሮ» የተባለው ታሪክ አብዛኛው ቀለሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ቅደም ተከተሉ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ አንዳንድ ታሪኮች ከተቀረጹበት በተለየ ተራ ቀርበዋል፤ የሚሻለው ግን ለሕዝብ የቀረቡበትን ተራ መከተል ነው። ብቸኛው አስቸጋሪ ጉዳይ በደግላስ አዳምስ የተጻፈው «ሻዳ» ነው። በ1979 ተፎካካሪው ጣቢያ በሥራ ማቆም አድማ ሲዘጋ «የሞት ከተማ» የተባለው ታሪክ በድራማው ታሪክ ከፍተኛውን ተመልካች፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ፣ አገኘ፤ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ግን አድማው በቢቢሲ ውስጥ ሆነና «ሻዳ» ቀረጻው በመሐል ተቋርጦ ሳይቀርብ ቀረ። በ2017 የጎደለው በአኒሜሽንና በቀድሞዎቹ ተዋንያን ድምፅ ተሟልቷልና ሊቀርብ በነበረበት ቦታ፣ በ17ኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ቢገባ ተገቢ ነው።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር የመድከም ጊዜ ነው። ቶም ቤከር ብቻውን ሰባት ምዕራፍ ይዟል፤ በቀን አንድ ክፍል ለሚያይ ሰው ይህ ስድስት ወር ያህል ስለሚወስድ፣ ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ የወደደው ነገር ሊሰለቸው ይችላል። ሲሰለች ማረፍ ይቻላል፤ መዝለል ግን አይገባም፤ ደካማው ታሪክ ጠንካራው ከምን ተነሥቶ እንደ ጠነከረ ያሳያልና። ይህ ለሚያሳፍሩትም ይሠራል። «የዌንግ ቺያንግ ጥፍሮች» የተባለው የ1977 ታሪክ በአጻጻፉና በትወናው ከምርጦቹ የሚቆጠር ሆኖ ሳለ፣ አንድ እንግሊዛዊ ተዋናይ ፊቱን በቅብ ለውጦ ቻይናዊ ሆኖ የተጫወተበትና ቻይናውያንን በጅምላ በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ሥራ ነው፤ «ማርኮ ፖሎ»ም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሁለቱንም ሳይሸሽጉ ማየትና ልጆች አብረው ካሉ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። አብሮ የሚያይ ሰው መኖሩ በሌላም መንገድ ይጠቅማል፤ ድራማውን አይቶት የማያውቅ ሰው ከጎን ሲቀመጥ ነባሩ ተመልካች የቀጣዩን ክፍል መልስ በሆዱ ይዞ ዝም ማለትን ይማራል።

መገኛውን በተመለከተ፣ ቢቢሲ በ2023 የድራማውን ስልሳኛ ዓመት ሲያከብር ከ800 በላይ የቆዩና የአዲሱ ዘመን ክፍሎችን በእንግሊዝ በሚሠራው የኢንተርኔት አገልግሎቱ ላይ ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ታሪክ አራት ክፍሎች በድርሰት መብት ጉዳይ ሳይካተቱ ቀርተዋል። ስለዚህ ዕቅዱን የሚያወጣ ሰው ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን ታሪክ በዲቪዲ አስቀድሞ መፈለግ አለበት፤ ያለ እርሱ የተጀመረ እይታ ሙሉ ሊባል አይችልም።

በመጨረሻ ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚነካበት ቦታ አለ። የፊልም ቅጂዎቹ ከአንድ አገር ጣቢያ ወደ ሌላው እየተላለፉ ይታዩ ነበር፤ የሃርትኔልን ዘመን ታሪኮች ከገዙት አገሮች መካከልም ኢትዮጵያ አለችበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነበር። ከናይጄሪያ፣ ከቆጵሮስና ከሆንግ ኮንግ የተገኙት ክፍሎች የተረፉት የታዘዘው መልስ ወይም ማስወገድ ሳይፈጸም በመጋዘን ጥግ በመረሳታቸው ነው። ስለዚህ በዚያን ዘመን በቴሌቪዥን ጣቢያው፣ በፊልም ማመላለስ ወይም በዕቃ ግምጃ ቤት ያገለገሉ አረጋውያን፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም፣ በየቤታቸው ወይም በየመጋዘኑ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለለ ጠባብ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቢያገኙ፣ የዚህ ድራማም ሆነ የራሳችን የቀድሞ ዝግጅቶች ቅጂ ሊሆን ይችላልና እንዳይጥሉት አደራ ይባላሉ። ቆርቆሮው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ በማሳያ ማሽን ላይ አይጫን፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ አይጠብ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማሳወቅ ይበቃል።